የተራችን አንባቢ

ኢክላስ ጠሀ ምን እንደምትሠራ ለተራችን ሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በሚሸጠው ነው። እሱ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ እሷ ካልሲ ትሸጣለች፣ አለቀ። ኢክላስ ግን "የኮሙኒኬሽን ዳይሬክተር ነኝ" ትላለች። የምን ሲሏት "የፖሊሲ ጥናት ተቋም"። ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት በርበሬና ቅመም የሚሸጡት እትዬ በለጥሻቸው አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው፣ "እሺ የኔ ልጅ፣ ይሄ ተቋማችሁ የሚሸጠው ምንድነው?" ብለው ጠየቋት። ትንሽ አሰበችና "ሐሳብ" አለቻቸው። እትዬ በለጥሻቸው ራሳቸውን ነቀነቁና "ይሁን፣ እሱም ገዥ ካገኘ" አሉ።

እኔ ፍቃዱ ዘውገ እባላለሁ። ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን ነጋዴ ነኝ። መጻፍ ሙያዬ አይደለም፤ ግን ስለዚች ልጅ የማያውቃት ሁሉ አፉን እየከፈተባት ስለሆነ፣ በሰባት ዓመት በልጬያት ከጎኗ ያደግኩት እኔ የማውቀውን ልናገር ብዬ ነው። ላሞግሳት አይደለም። አጠፋች። ብቻዋን እንዳላጠፋች ግን ማንም ሲናገር አልሰማሁም።

ተራችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተደረደሩ ሃያ ሁለት ሱቆች ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶ እስከ በራችን ይደርስ ስለነበር፣ እኔ ክርስቲያኑ ካርቶን እየገነጠልኩ ምንጣፍ ላልያዘው አድል ነበር። የኢክላስ አባት ጋሽ ጠሀ አሥራ አንደኛው ሱቅ ውስጥ ሸራና ገመድ ይሸጡ ነበር። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ እዚያው ተራ ላይ ተሸክመው፣ እዚያው ተራ ላይ ነግደው፣ እዚያው አርጅተዋል። ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ቁጥር አሳምረው ያውቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ካለው ፊደል ጋር አልተዋወቁም። ገመድ በክንዳቸው ለክተው ሲሰጡ ግን አንድ ሰው በሜትር አስለክቶ ቅር ብሎት ሲመለስ አላየሁም።

አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር የቂል ሥራ ይመስላችኋል። አሥራ ሰባት ዓመቴ አካባቢ ነው። ጋሽ ጠሀ ጣራውን ለማሳደስ የተጻፈ ማመልከቻ ይዘው አባቴ ጋ ለፊርማ መጡ። እኔ ተማሪ ነኝ ብዬ፣ ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አባቴ ከእጄ መንጭቆ ወሰደና በጥፊ አጮለኝ። ፈረመ። ጋሽ ጠሀ ሲሄዱ "ያመጣው ሰው ፊት ወረቀት አይነበብም" አለኝ። እያለቀስኩ "ታዲያ ምኑ ነው የሚነበበው?" ስለው፣ "ሰውየው" አለኝ።

የተራችን ሕግ ይሄ ነበር። ወረቀት ይዞ የመጣውን ሰው ፊት ታያለህ። ካመንከው እዚያው ትፈርማለህ። ካላመንከው "ነገ" ትለዋለህ፤ ነገ የሚባለው ቀን ደግሞ እንደማይመጣ እሱም ያውቃል፣ ተመልሶም አይጠይቅህም። ፊቱ ቆመህ ማንበብ ግን "ሌባ ነህ" ብሎ ከመስደብ አይተናነስም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ትሉን ይሆናል። እንደ ሞኝነታችን ከሆነ ድሮ ባለቅን ነበር። ስንት መኪና ዕቃ በቃል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የኖረበት ቦታ ነው።

ሰው የሌለው ወረቀት ግን ነበር። በር ሥር የሚወረወር፣ ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ፣ ማኅተሙ እንጂ ያመጣው የማይታይ። ይሄ መነበብ ነበረበት፤ ኢክላስም የገባችው በዚህ በኩል ነው። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብዳቤ ካለ ሰው ይሰበሰባል። ጥቅል ሸራ ላይ ትወጣለች፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ "ጉዳዩ" ብላ ትጀምራለች። ከባድ ቃል ሲመጣ ቆም ብላ ታስረዳለች። "እንዲህ ሲሉ ክፈሉ ማለታቸው ነው።" "ይሄኛው ማስፈራሪያ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም።" ጋሽ ጠሀ እንዳልሰማ ሆነው ገመድ ይጠቀልላሉ፤ ጆሯቸው ግን እሷ ጋ ነው። ከሽማግሌ እስከ ተሸካሚ እሷ አንብባ ካልጨረሰች የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

እንዲህ ያደገች ልጅ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን አጠናች ቢባል ማን ይገረማል? ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ አንድ ኤፍ ኤም ራዲዮ ላይ የገበያ ዋጋ ታወራ ነበር። የቲማቲም ዋጋ ስታነብ ተራው በሙሉ ራዲዮውን ከፍ ያደርጋል፤ ቲማቲም የሚሸጥ ግን አንድም የለም። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ሆና አምስት ዓመት ሠራች። ከዚያ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሰገነት የሚባለው የፖሊሲ ጥናት ተቋም የኮሙኒኬሽን ዳይሬክተር አድርጎ ወሰዳት። ቢሮዋ ቦሌ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው።

ጋሽ ጠሀ ቢዝነስ ካርዷን በላስቲክ አስለብጠው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያዙ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ያወጡና "እስቲ ይሄን አንብብልኝ፣ ዓይኔ ደከመ" ይላሉ። ደንበኛው "ኢክላስ ጠሀ፣ የኮሙኒኬሽንና የፖለቲካ ጉዳዮች ዳይሬክተር" ብሎ ያነብላቸዋል። "ማን አልከኝ?" ይላሉ። ይደግምላቸዋል። "አሃ፣ ልጄ ናት" ይላሉ፤ ያኔ ያወቁ ይመስል። ይሄን ትያትር እኔ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን አልሰለቸኝም።

ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔ ጋ አረፍ ትላለች። ጀሪካን ገልብጬ እሰጣታለሁ፤ በዚያ በሚያምር ልብሷ ትቀመጥበታለች። ሥራዋን ያስረዳችኝ እዚያ ላይ ነው።

"ጋሽ ፍቄ፣ አጥኚዎቹ ሰባ ገጽ ይጽፋሉ" አለችኝ። "ሰባውን የሚያነብ ባለሥልጣን የለም። የኔ ሥራ ሰባውን ወደ ሁለት ገጽ ማውረድ ነው። ውሳኔ የሚሰጠው በሁለቱ ነው።"

"ስድሳ ስምንቱስ?"

"መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።"

"ታዲያ ለምን ይጻፋል?"

ሳቀች። "ሁለቱ እንዲታመኑ ነዋ።"

እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም።

የፖለቲካ ጉዳይ የሚለው ደግሞ፣ የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር ቦጋለ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ የሚናገረውን መጻፍ፣ ጋዜጠኛ ሲደውል መመለስ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፏልና የትኛው ቃል ማንን ያስቀይማል የሚለውን ማወቅ ነበር። ጎበዝ ነበረች። ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነው። "ስለ መርካቶ የሚጽፍ ሁሉ እሳትና ቆሻሻ ብሎ ነው የሚጀምረው" ትል ነበር። "ስለ እኛ ተራ የመጀመሪያውን መስመር ከኛ ሰው አንድም ጽፎት አያውቅም። እኔ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ማንም አይነካችሁም።" አመንኳት። አሁንም ከልቧ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሰገነት ስለ መርካቶ መልሶ ማልማት ጥናት ጀመረ። ሐሳቡን ያቀረበችው እሷ ራሷ ናት። ነጋዴው ምን እንደሚል ለመስማት ሆቴል ውስጥ ምክክር ተጠራ። የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ ስብሰባ ሲባል ሆዱን ያመዋል። በሩን ዘግቶ ሆቴል የሚሄድ ማን አለ? ኢክላስ አባቷን ለመነች። ጋሽ ጠሀ ዘንጋቸውን ይዘው ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። "ልጄ ናት የጠራችን፣ አታሳፍሩኝ" አሉ። ለሳቸው ሲባል የማይሄድ አልነበረም። ከኛም ከጎረቤት ተራዎችም አርባ አንድ ሰው ሄድን።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ምሳው ጥሩ ነበር። ገና ስንገባ ኢክላስ ራሷ፣ ሰንጠረዥ ያለበት ወረቀት ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስም፣ ሱቅ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። መጀመሪያ ጋሽ ጠሀ ፈረሙ፤ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ፣ ያቺኑ የሚያውቋትን ስማቸውን ደመቅ አድርገው። እኔ አራተኛ ነኝ። ከላይ ምን እንደተጻፈ አላየሁም። ማንበብ እችላለሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ መነጽርም አያስፈልገኝም። ግን ያመጣችው ኢክላስ ናት። እሷ ፊት ላነብ? አባቴ ከመቃብር ተነስቶ በጥፊ ይለኝ ነበር።

ከላይ የተጻፈው "የተሳታፊዎች ፊርማ" ብቻ ነበር። ብናነበውም ምንም አናገኝበትም ነበር። ይሄንንም ልናገር፤ ለራሴ ማጽናኛ አይሆነኝም እንጂ።

ስብሰባው ላይ ተናገርን። ሽንት ቤት የለንም አልን። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ ይከፈት አልን። በመጨረሻ ጋሽ ጠሀ ተነሱና "ጣራውን አድሱልን፤ ብትፈልጉ ፎቅ ሥሩት፣ ድርሻችንን እናዋጣለን። ከቦታችን ግን አትንቀሉን። ዕቃችንን የሚገዛው ሰው እግሩ የሚያውቀው እዚህ ነው" አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። ኢክላስ ስትጽፍ አየኋት። ቃል በቃል ነው የጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው። ሁለቱን ገጽ ስትጽፍ የአባቷን ንግግር የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገብታው ነበር። ዶክተር ቦጋለ ጠራት። "ኢክላስ፣ ይሄ መስመር ፊት ላይ ካለ ሰነዱን ማንም አይቀበለንም" አላት። "ያልተቀበሉት ጥናት ደግሞ እንዳልተጠና ነው። አውጪው አላልኩሽም። ወደ ውስጥ አስገቢው።" ተከራከረች። ሁለት ቀን ተከራከረች። በሦስተኛው ቀን የአባቷን ንግግር ገጽ አርባ ስድስት ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱ ገጽ ላይ በምትኩ "ነጋዴዎች መልሶ ማልማቱን በመርህ ደረጃ እንደሚደግፉ ገልጸዋል፤ አባሪ ሦስትን ይመልከቱ" ብላ ጻፈች። አባሪ ሦስት ያ የበሩ ላይ ወረቀት ነው።

"አባሪ ጥቀሺ ያለሽ ማነው?" አልኳት።

"ማንም" አለች። "ልማዴ ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ እጠቅሳለሁ።"

"በመርህ ደረጃ" የምትለዋ በር ክፍት ታስቀራለች ብላ ነበር። ገጽ አርባ ስድስትን እንደማያነቡት ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ለኔ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብላ የነገረችኝ እሷ አይደለችም እንዴ?

ጥናቱ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበች። እትዬ በለጥሻቸው ሱቅ ውስጥ ተደርድረን አየናት። ቀላ ያለ ሻርፕ አድርጋለች፤ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። እንደተስማማን፣ እንደደገፍን ስትናገር ሰማን። ማንም ልብ አላለውም። "አየሃት እንዴት እንዳማረባት" ነው የተባባልነው። ጋሽ ጠሀ ካርዷን አውጥተው በእጃቸው ይዘው ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ምሰሶው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። ሰው የሌለው ወረቀት። ማንበብ የምንችል ሞልተን ሳለ፣ ጋሽ ጠሀ "ኢክላስን ጥሩ፤ እሷ ታንብበው" አሉ። እንደ ድሮው መሆኑ ነው። ዓርብ ቀን ከሶላት በኋላ መጣች። ሸራው ላይ አልወጣችም፤ መሬት ላይ ቆማ "ጉዳዩ" ብላ ጀመረች። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቦታውን ለቃችሁ እንድትነሱ ይላል። መሀል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጥ አለ።

"ቀጥዪ እንጂ" አለ ጥላሁን፤ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚሸጠው ጎረቤታችን ነው።

ቀጠለች። ይሄን አልክድባትም። ወረቀቱ የተጻፈበት ቃል የራሷ፣ ከሁለቱ ገጽ የተወሰደ ነበር፤ ዘላ ብታልፈው በዚያች ሰዓት የሚያውቅባት አልነበረም። "የአካባቢው ነጋዴዎች ፈርመው ባቀረቡት ድጋፍ መሠረት" ብላ አነበበች። ከሥሩ ስማችን ተዘርዝሯል። እሱንም አነበበችው፤ አርባ አንዱንም።

"የምን ፊርማ ነው?" አለ ጥላሁን።

"የሆቴሉ" አለች ኢክላስ።

ከዚያ እትዬ በለጥሻቸው፣ የበርበሬ መስፈሪያቸውን እንደያዙ፣ ቀስ ብለው "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ለሁላችንም ይሆናል።

ጋሽ ጠሀ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "የኔም አለበት?"

"አለበት አባ።"

"ስንተኛ ላይ?"

"አንደኛ።"

"እሺ" አሉና ወደ ሱቃቸው ገቡ።

የሰደባት ሰው አልነበረም። ቢሰድቧት ይሻል ነበር። የመርካቶ ሰው ሲሰድብህ ገና ሰው አድርጎ ቆጥሮሃል ማለት ነው፤ ነገ ተመልሶ ያስታርቅሃል። እንዲህ ዝም ሲልህ ነው መፍራት።

ኢክላስ ሠላሳውን ቀን ሮጠችበት። ዶክተር ቦጋለ ጋ ገብታ ማስተካከያ እናውጣ አለችው። "ምኑን ነው የምናስተካክለው? አባትሽ ያሉት እኮ ገጽ አርባ ስድስት ላይ አለ" አላት። ገጹን ኮፒ አድርጋ በየቢሮው ዞረች። አንዱ ኃላፊ ሁለቱን ገጽ ከመሳቢያው አውጥቶ "ይሄን የጻፈችው ኢክላስ ጠሀ የምትባል ናት፤ አንቺ ማነሽ?" ብሎ ጠየቃት። በሃያኛው ቀን ሥራዋን ለቀቀች። ተቋሙ በዚያው ሳምንት ለቦታው ማስታወቂያ አወጣ። የገረመው የለም፤ እሷም አልገረማትም።

አሥር ቀን ሲቀረን አቤቱታ ጻፈች። እስካሁን ከጻፈችው ሁሉ የሚበልጥ ነበር ይባላል፤ እኔ አላነበብኩትም። አጭር፣ ግልጽ፣ አንድ ገጽ፣ አባሪ የሌለው። ፊርማችንን እንድናነሳና የተናገርነውን ራሳችን እንድንመሰክር ነው። ሃያ ሁለቱም ሱቅ ከፈረሙ ጉዳዩን የሚያይላት አንድ ባለሥልጣን አግኝታ ነበር። ወረቀቱን ይዛ ከጥግ ጀመረች። ጥላሁን ጋ ገባች። ጥላሁን ፊቷን አየና "ነገ" አላት። የሚቀጥለው "ነገ" አላት። እትዬ በለጥሻቸው ጉንጯን ስመው "ነገ የኔ ልጅ" አሏት።

እኔ ጋ ስትደርስ በሩ ላይ ቆመች። ጀሪካን አልገለበጥኩላትም። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ማንበብ እችል ነበር፤ እሷም "አንብበው ጋሽ ፍቄ፣ ግዴለም፣ አንብበው" አለችኝ። የተራችን ልጅ፣ ሕጉን ከኔ እኩል የምታውቅ፣ ፊቷ ቆሜ እንዳነብ ለመነችኝ። ምን እንደያዘኝ እግዜር ይወቀው። "ነገ" አልኳት።

በቀኑ መጨረሻ ላይ ሰባት ፊርማ ብቻ ነበራት። አባቷ ጋ አልወሰደችውም። በሱቃቸው በር ላይ ቆማ ስታያቸው አይቻታለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰባት ፊርማ ደግሞ ማን ያያል።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ግሬደር ገባ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ሁላችንም አፍ አወጣን፤ መንገድ ላይ ቆመን ጮኽን፣ አንዳንዱም አለቀሰ። ጋሽ ጠሀ አልጮሁም። የቀረውን ገመድ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ፤ ሲጀምሩም በሸክም ነበር።

አሁን እኔ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ባልዲ ሊገዛ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። እትዬ በለጥሻቸው ቤታቸው ገብተዋል። ጥላሁን እህል በረንዳ በኩል የሰው በረንዳ ተከራይቶ ጓጉንቸሩን ጨርቅ ላይ ዘርግቷል። ኢክላስ ሥራ አላገኘችም። ሰገነት በመጥፎ አነሳት፤ የሰገነት ተቃዋሚዎች ደግሞ የሰገነት ሰው ናት ይሏታል። ቤቷ ሆና የሰው ጽሑፍ ታርማለች፤ ስም የማይጻፍበት ሥራ ነው።

ጋሽ ጠሀ በየቀኑ ከቀትር በኋላ አራቱን ፎቅ እየተነፈሱ ወጥተው እኔ ጋ ይቀመጣሉ። ብዙ አናወራም። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያቺ ካርድ እንዳለች በሸሚዙ ይታያል፤ ሲያወጧት ግን አላየሁም።

ባለፈው ወር ለተነሱ ነጋዴዎች ምትክ ቦታ ማመልከት ይቻላል የሚል ወሬ ተሰማ። ማንም ብዙ ተስፋ አላደረገም፤ ያመለከተ ሁሉ ያገኛል ማለት አይደለም። ኢክላስ ግን ለአባቷ ማመልከቻ ጽፋ መጣች። ኪሎዋ ቀንሷል። ሰላም ካለችን በኋላ "አባ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝና ዛሬውኑ አስገባዋለሁ" ብላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ከሆቴሉ በር ወዲህ በእጇ ይዛ ለሳቸው ያቀረበችው የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

ጋሽ ጠሀ ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ አነሱና ወደ እኔ ዘረጉት።

"ፍቃዱ" አሉ፣ "እስቲ ይሄን አንብብልኝ።"

የድሮው ጨዋታ ናት ብዬ ለአፍታ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ አፌን ዘጋሁ።

"አባ" አለች ኢክላስ።

"አንብበው" አሉኝ፣ ባልዲዎቹን እያዩ።

አነበብኩት። ምን ላድርግ? ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ። ስም ጠሀ ሸሪፍ፤ ሱቅ ቁጥር አሥራ አንድ፤ የንግድ ዘርፍ ሸራና ገመድ፤ በቦታው የቆዩበት ዘመን አርባ ዘጠኝ ዓመት። አንዲት ትርፍ ቃል የለበትም። ልጅቷ ፊቴ ቆማለች፤ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብባለሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

"ይኸው ነው?" አሉ።

"ይኸው ነው ጋሽ ጠሀ።"

"ከኋላው የተያያዘ የለም?"

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። ባዶ ነው። "የለም" አልኳቸው።

"የቱ ጋ ነው የምፈርመው?"

የጠየቁት እኔን ነው። ቦታውን በጣቴ አሳየኋቸው። ኢክላስ እስክሪብቶ አውጥታ ዘርግታላቸው ነበር፤ እሳቸው ከእኔ ኪስ መዘው ፈረሙ።